አሳ፣ ሎሚ እና በረኪና

ቅዳሜ ጠዋት ከሐዋሳው አሞራ ገደል ቆሮሶ አሳ ገዝቼ ገባሁ። ከታፋውን ላይ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ዳጣው ቀረበ፣ ሁሉም ሰላም ነበር። ሎሚው የአሳን ሽታ ጭጭ የሚያደርገው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሽታው በአብዛኛው ትራይሜቲላሚን ከሚባል ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው የሚመጣው። የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ሲያገኘው ጨው ያደርገዋል፣ ጨው ደግሞ ስለማይተን አፍንጫ ጋ አይደርስም።

ሲንኩ ግን አሁንም አሳ አሳ ይላል። በረኪና ደፋሁበት። አልበቃኝ ብሎ የተረፈውን አቼቶ ጨመርኩ። ያኔ ትምህርት ቤት የሸመደድኳት ነገር ናት ጉድ የሠራችኝ፦ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ጨውና ውሃ ይሆናሉ። እርስ በርስ ይጠፋፋሉ ብዬ ተዝናናሁ።

መጀመሪያ አፍንጫዬን ወጋኝ፣ ከዚያ ዓይኔ አለቀሰ፣ ጉሮሮዬ ተያዘና ሳል በሳል ሆንኩ። እማዬ ከሳሎን "ምን አደረግሽ አንቺ! ውጪ፣ ቶሎ ውጪ!" እያለች በሩንም መስኮቱንም በረገደችው።

በረኪና ቤዝ ብቻ አይደለም ለካ። ውስጡ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አለ፣ ተረጋግቶ የሚቆየውም ቤዙ ስላለ ነው። አሲድ ሲገባበት መረጋጋቱ ይቀርና ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ በወታደር ላይ የለቀቁት ይሄንኑ ጋዝ ነው። እኔ ደግሞ ለአሳ ሽታ።

አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ነው የተረፍኩት። ሽንት ቤት የምናጥብበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢሆን ኖሮ ይሄን የምጽፈው ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር። እሱ ደግሞ እኛ ቤት የት ነው የሚቀመጠው? በሃይላንድ፣ ከበረኪናው ጎን፣ ምንም ሳይጻፍበት! ዛሬ ለየሁት። በማርከርም ትልቅ አድርጌ ጻፍኩበት።

ጣቶቼ ደግሞ በረኪናው ስለነካቸው ሙልጭልጭ ይሉ ነበር። ቤዝ የቆዳን ቅባት ሳሙና ያደርገዋል፣ ሙልጭልጩ እሱ ነው። እማዬ ሎሚ ልትቀባኝ ተነስታ ነበር፣ "ኧረ እማዬ፣ ሎሚ ይብቃን!" አልኳት። ቧንቧ ከፍቼ ብዙ ደቂቃ በውሃ ብቻ አጠብኩት።

አሳውን በረንዳ ላይ በላነው። ጉሮሮዬ እስከ ማታ አቃጠለኝ፣ ክሎሪኑ ይሁን ዳጣው እንጃ።