ሦስተኛ ትራምፔት ለማን ይሰጥ?

የታዳጊዎች የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ የሚያሠለጥን ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል፦ «ቲቸር፣ እኔ ለምንድነው ሦስተኛ የሆንኩት?» ትምህርት ቤት ሦስተኛ የወጣ ልጅ ይሸለማል። ባንድ ውስጥ ግን አንድ ዓይነት መሣሪያ የሚነፉ ልጆች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ተብለው የተለያየ ድርሻ ይነፋሉ፤ እዚያ ሦስተኛ ሲባል የተጣለ ይመስለዋል።

ልጁም አይፈረድበትም። ጆሯችን የለመደው አብሮ ማዜምን ነው። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ ዘፋኙ የያዘውን ዜማ ማሲንቆውም ይዞ ይከተላል። ሦስተኛ ትራምፔት ግን ብዙ ጊዜ ዜማ የለውም። ልጁ ቤቱ ሄዶ ሲለማመድ እናቱ እንኳ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ዘፈን ነው?» ትለዋለች።

ስለዚህ ድልድሉን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር አሰማቸዋለሁ። ሦስት ትራምፔቶች ይነሳሉ። አንደኛው ዶ፣ ሁለተኛው ሶል፣ ሦስተኛው ሚ ይነፋል። ከዚያ ሦስተኛውን ዝም አስብለዋለሁ። ድምፁ ባዶ ይሆናል፤ ሜጀር (ደስተኛው) ይሁን ማይነር (ያዘነው) አይለይም። እንደገና ይገባና ሚውን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። ደስተኛ የነበረው ድምፅ በአንዴ ያዝናል። ሁለቱ ምንም አልቀየሩም። «እና ማነው ዋናው?» ስላቸው ክርክሩ ያኔ ይጀመራል።

ድልድሉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው እሰማለሁ፦ አንድ ስኬል (ድምፆቹን በተርታ ከታች ወደ ላይ)፣ አይቶት የማያውቀው አጭር ኖታ፣ ከዚያ መሣሪያውን ከንፈሩ ላይ ሳይጫን የሚደርስበት ከፍተኛ ድምፅ። ጎበዞቹን ግን አንደኛ ላይ አልከምራቸውም። ስድስት ትራምፔት ካሉኝ አንድ አንደኛ፣ ሁለት ሁለተኛ፣ ሦስት ሦስተኛ አደርጋለሁ። ቀጭኑ ድምፅ ብቻውንም ይሰማል፤ ከታች ያለው ነው ሰው የሚፈልገው። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ የግድ ጠንካራ መሆን አለበት። አጠገቡ የተቀመጠው ጀማሪ እኔ ከምነግረው ይልቅ ከእሱ ሰምቶ ይማራል።

አንደኛ የሚነፋው ልጅ ከንፈሩ ቶሎ ይዝላል። ይሄ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ፤ በየሙዚቃው አቀያይራቸዋለሁ። መክፈቻው ላይ አንደኛ የነበረው ቀጣዩ ላይ ሦስተኛ ይሆናል። ወንበር ግን አይቀያየሩም፤ ወንበር ደረጃ እንዲሆን አልፈልግም።

ክላርኔት ላይ ግን ይህን ያህል ነፃነት የለም። «ላ» ከሚባለው ድምፅ ወደ «ሲ» ሲወጣ፣ በአንድ ጣት ይያዝ የነበረው መሣሪያ ድንገት ጣቶችን ሁሉ ይጠይቃል። አንዷ ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነች ይጮህበታል። ያቺን ድንበር ያልተሻገረ ልጅ፣ የፈለገ ቢያለቅስ፣ አብዛኛው ኖታው ከታች የሆነውን ሦስተኛ ክላርኔት ነው የምሰጠው። ለወላጅም በግልጽ እናገራለሁ። አንድ አባት «ጋሼ፣ ልጄን ዝቅ አደረጉብኝ» ብለውኝ ያውቃሉ። ልምምድ ላይ አስቀመጥኳቸውና ሦስተኛዎቹን ብቻ አስነፋኋቸው፣ ከዚያ ያለ እነሱ ሌሎቹን። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

ለቤት ልምምድ ለሁሉም የዜማውን ኖታ ጭምር ኮፒ አድርጌ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ዜማውን ይነፋሉ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ድርሻ። ያለዚህ ሦስተኛውን ኖታ ቤት ውስጥ የሚከፍተው የለም።

ባንዳችን ታሪክ ሲወራ ደስ ይለዋል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ ባንድ ነበሩ። አርባዎቹም አንደኛ ትራምፔት እንዳልነፉ እርግጠኛ ነኝ ስላቸው ይስቃሉ።

ወፍራም ድምፅ ባላቸው የናስ መሣሪያዎች፣ በቱባና በዩፎኒየም ላይ፣ አንድ አንድ ልጅ ብቻ ስላለን ድልድል የለም። ከበሮዎቹ ጋ ግን ጣጣው ሌላ ነው። ሁሉም ስኔር ድራም (በሁለት ዱላ የሚመታውን ትንሽ ከበሮ) ይፈልጋል፣ ትሪያንግል (ሦስት ማዕዘኑን የብረት ቃጭል) ማንም አይፈልግም። እዚያ የሠራልኝ ተራ በተራ ብቻ ነው፤ ተራው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፣ ጭቅጭቅ የጀመረም ወደ ወረቀቱ ይላካል።