በር ስር የተኛችው ልጅ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ቅዱሳን። ይሄን ምስክርነት ልናገር ልናገር እያልኩ ብዙ ጊዜ አሳለፍኩት፣ ዛሬ ግን እንባዬም ቢመጣ ልጽፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤሩት 8 አመት ሰርቻለሁ። መጀመሪያ በኮንትራት ማዳም ቤት፣ ከዛ ወጥቼ ቡርጅ ሃሙድ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በሰአት ጽዳት። እናቴ ታማ ስለነበር ሁለት አመት ሙሉ ጸሎቴ አንድ ነበር፣ ጌታ ሆይ አይኗን ሳላይ አትውሰድብኝ፣ አገሬ አግባኝ። ለዛ ብዬ 700 ዶላር በጨርቅ ጠቅልዬ የሩዝ ጣሳ ውስጥ ደብቄ ነበር።

ሰኔ 2012 ምን እንደነበረ እዛ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ኮሮና አለ፣ ኤርፖርቱ ዝግ ነው፣ ዶላሩ ድሮ በ1,500 የሊባኖስ ሊራ የነበረው መንገድ ላይ ከ8,000 አለፈ፣ አሰሪዎች ደሞዝ ሲያቅታቸው ልጆቹን በመኪና እያመጡ ሃዝሚዬ ቆንስላችን በር ላይ አውርደዋቸው ይሄዱ ጀመር። ደሞዟን ያልተቀበለች አለች፣ ፓስፖርቷ ማዳም ጋር የቀረ አለች፣ አስፋልት ላይ ሻንጣቸውን ተንተርሰው ነው የሚያድሩት።

ከህብረታችን ሁለት እህቶች ጋር ዳቦና ውሃ ይዘን ሄድን። እኔ ሰጥቼ ልመለስ ነበር ሃሳቤ። ግን "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል" የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ፣ እኔም እዛው ቆሜ ተከራከርኩት፣ ጌታ ሆይ አንዲት ክፍል እኮ ናት፣ ስራውም እንደ ድሮ የለም፣ በምን ላበላቸው? መልስ አልሰጠኝም። በቃ ሶስቱን ይዤ መጣሁ፣ አንዷ ከጅማ አንዷ ከሰላሌ አንዷ ከወሎ። የጅማዋ ሙስሊም ናት፣ እሷ ጥግ ላይ ትሰግዳለች እኛ በዚህ በኩል እንጸልያለን፣ አንድ ቀን እንኳን ቅር ያላት ነገር አልነበረም፣ እኛንም እንደዛው።

የወሎዋ ግን አትናገርም። ስሟን እንኳን የነገረችን የሰላሌዋ ናት። ፍራሽ ስሰጣት እምቢ ትላለች፣ በር ስር ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው የምትተኛው፣ ሌሊት 11 ሰአት ላይ ስነቃ ጨርቅ ይዛ ወለሉን እየወለወለች አገኛታለሁ። ተይ እህቴ፣ እዚህ ማዳም የለም ስላት ቀና ብላ ታየኛለች እና ትቀጥላለች። ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ያህል ለናቴም አላለቀስኩ።

ፊኖ ዱቄት እየገዛሁ እንጀራ እጋግራለሁ፣ መብራት ይጠፋል፣ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ደግሞ ኪራይ አለ፣ መድሃኒት አለ፣ ከሩዝ ጣሳው በየሳምንቱ ሳወጣ ሳወጣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጨርቁ ብቻ ቀረ። ያን ቀን ጌታን ተቀይሜዋለሁ፣ እውነቱን ነው የምናገረው። የናቴን መንገድ ነው የበላነው አልኩት።

ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ። ከስራ ስመለስ ሁሌ መስኮቱ ስር ያለው አልጋዬ ላይ ጋደም እላለሁ። ያን ቀን ግን የወሎዋን ልጅ ትኩሳት ይዟት በሯ ስር ተኝታ ስለነበር አልጋዬን ሳልነካው ተንበርክኬ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደርግላታለሁ። ከምሽቱ 12 ሰአት አለፍ እንዳለ መጀመሪያ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከዛ ያ ድምፅ መጣ። ወደቡ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው የፈነዳው፣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ይሄን መች አወቅን፣ መስኮቱ ከነፍሬሙ ተነቅሎ ቤት ገባ። አቧራው ሲበርድልን ዞሬ አልጋዬን አየሁት፣ ትራሴ ላይ የጣት ርዝመት ያለው መስታወት ተሰክቶ ቆሟል።

ዝም ብዬ እያየሁት "እታለም እግርሽ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የወሎዋ ናት። ተረከዜ ደምቶ አላወቅኩም ነበር፣ ግንባሯ ላይ ያደረኩላትን ጨርቅ አንስታ ደሜን ጠረገችልኝ። ኢየሱስ ብዬ ጮህኩ፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ከዛ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። እኛ ለእኛ በስደት የሚባለው የእህቶቻችን ማህበር በዛ ወቅት ስንት ልጅ አብልቷል ስንቱን አሳፍሯል፣ ጌታ ይባርካቸው፣ ሶስቱም በየተራ አገራቸው ገቡ። እኔ ደግሞ አሽረፊዬ በሰአት የማጸዳላቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ቤታቸው በፍንዳታው እንዳልነበረ ሆኖ ነበርና አምስት ቀን ሙሉ ያለክፍያ መስታወቱን ጠርጌ አወጣሁላቸው። ውጪ አገር የሚኖረው ልጃቸው ይሄን ሰምቶ ኖሮ ምን ላድርግላት ብሎ አስጠየቀኝ፣ እናቴን አልኩ። ቲኬቱን ቆረጠልኝ። ሰጥቼ አተረፍኩ እያልኩ አይደለም ቅዱሳን፣ እንደዛ አትስሙብኝ፣ ያ 700 ዶላር ተመልሶ አልመጣም። የለመንኩትን ግን አልከለከለኝም።

ጥቅምት 2013 ቦሌ ገባሁ። እናቴ በህይወት ጠበቀችኝ፣ ከዛ በኋላ ሰባት ወር በእጄ አጉርሻት፣ ጸጉሯን ሰርቻት፣ እቅፌ ውስጥ ነው ያረፈችው።

ለቅሶው ላይ ያቺ የወሎዋ ልጅ ከደሴ ሌሊቱን በአውቶብስ ተጉዛ መጣች፣ ማን እንደነገራት አላውቅም። እስከ ሰልስት አልተለየችኝም። ማታ ማታ እኔ የተኛሁበት ፍራሽ ላይ አጠገቤ ገብታ እጄን ይዛ ነበር የምትተኛው።