የእማዬ ሲንጀርና የእንጨቱ ንስር

በ2001 ዓ.ም ፋሲካ ሰሞን ነው፣ ሪያድ ያለው አጎቴ ደወለ። እንኳን አደረሳችሁ ሊለን መስሎን ስልኩን ስንቀማማ ሰውዬው ግን የሚፈልገው እማዬን ብቻ ነው፣ «እትዬ ያቺ ሲንጀርሽ አለች? እንዳትሸጫት!»። እማዬ ግራ ገባት፣ ያቺ በእግር የምትረገጥ ጥቁር ስፌት መኪና እኮ ጓዳ ውስጥ የሽንኩርት ዘንቢል ማስቀመጫ ከሆነች ቆይታለች።

ለካ ሳውዲ አብዳለች። ድሮ የተሰራ ሲንጀር ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» አለ ተብሎ፣ የተቀበረ ወርቅ ያሳያል፣ ጂኒ ያባርራል፣ ሌላው ደግሞ የለም ለኒውክሌር ቦምብ ነው የሚሆነው ይላል (ለጂኒም ለቦምብም የሚሆን ነገር መቼም ጉድ ነው)። አንዷ መኪና እስከ 200,000 ሪያል ተጠርቶባታል፣ የልብስ ሰፊ ሱቅ ሰብረው የሰረቁም ነበሩ። መመርመሪያው ደግሞ ሞባይል ነው፣ ወደ መርፌው አስጠግተህ መስመሩ ከተቋረጠ አለቀ፣ ሜርኩሪ አለው። እኛም ሞከርን፣ ተቋረጠ! ጓዳው ውስጥ ድሮም ኔትወርክ እንደማይገባ ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። እማዬ ሽንኩርቱን አወረደችና መኪናዋን ነጠላ አለበሰቻት።

ቀይ ቀለም ያለው የሜርኩሪ ውህድ አለ፣ ያ ተአምረኛው ግን የለም፣ የአለም አቀፉ አቶሚክ ኤጀንሲ ራሱ የለም ብሎ ተናግሯል። ገዢ እንጂ እቃው ታይቶ አይታወቅም።

ከአመታት በኋላ ለዚሁ አጎቴ እውነተኛውን ጉድ አወራሁለት። በ1945 (በፈረንጅ) የሶቭየት ተማሪ ልጆች ሞስኮ ላለው የአሜሪካ አምባሳደር ለሃሪማን ከእንጨት የተቀረፀ የአሜሪካ ማህተም ሰጡት፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር ያለበት፣ የሚያምር ስጦታ። አምባሳደሩም መኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ውስጡ ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው፣ ግን 7 አመት ሙሉ ሲያዳምጣቸው ነበር፣ የተገኘው በ1952 ነው። የሰራው ሊዮን ቴሬሚን ነው፣ ያ እጅ ሳይነካው የሚዘፍነውን የሙዚቃ መሳሪያ የፈለሰፈው ሰውዬ።

አጎቴ ሳቀብኝ። «ባትሪ ከሌለው በምን ይሰራል?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው፣ የገረመኝ ግን ሜርኩሪው በምን አውቆ ወርቅ እንደሚያሳይ አንድ ቀን እንኳን ጠይቆ አለማወቁ ነው፣ 200,000 ሪያል ሲሰማ ሰው በምን ይሰራል አይልም መሰለኝ።

ለማንኛውም መለስኩለት። እንጨቱ ውስጥ የነበረው ትንሽ የብረት ቆርቆሮ፣ ስስ ሽፋንና አንድ አንቴና ብቻ ነው። ሩሲያኖቹ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ይልኩበታል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲያወራ ድምፁ ሽፋኑን ያንቀጠቅጠዋል፣ ስለዚህ ተመልሶ የሚወጣው ሞገድ ንግግሩን ይዞ ይወጣል። ሞገዱን ሲያጠፉት ደግሞ በቃ እንጨት ነው፣ ፈታሽ ቢመጣ ምን ያገኛል? «አንተስ ስራ ቦታ በር የምትከፍትበት ካርድ ባትሪ አለው እንዴ?» አልኩት፣ ዘመዳሞች ናቸው፣ ካርዱም ጉልበት የሚያገኘው ከበሩ ማንበቢያ ነው። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አገላብጦ አየው፣ ዝም አለ።

ሞቅ ሲለኝ ኤም አይ ቲ የሚባለውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጨመርኩበት፣ በ2014 (በፈረንጅ) ድምፅ ከማያሳልፍ መስታወት ጀርባ የተቀመጠ የቺፕስ ላስቲክ በቪዲዮ ብቻ ቀርፀው፣ የላስቲኩን ለአይን የማይታይ ንቅናቄ አንብበው ክፍሉ ውስጥ የተነገረውን ቃል አወጡት። «በቃ በቃ» አለኝ፣ ካርዱ ላይ ያተረፍኩትን በቺፕሱ አጠፋሁት።

ባለፈው ቤት ስሄድ ጓዳ ገባሁ። ሲንጀሯ ነጠላዋን እንደለበሰች ነች፣ ሽንኩርቱም መሬት ላይ።