የቮልስ ሞተር ለአውሮፕላን ይሆናል? ጅማ ላይ እስካሁን የገባኝ

ወዳጆች፣ «ሞተሩ ምን ደረሰ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ቆይታችኋል። ያለበትን ልንገራችሁ። 1600ው የቮልስ ሞተር በተበየደ የብረት ማቆሚያ ላይ ታስሮ፣ ከፊቱ የእንጨት ፕሮፔለር ይዞ ይሠራል። አውሮፕላን የለኝም። ለመብረርም አልተዘጋጀሁም። ለዚያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ብዙ ገንዘብና ከእኔ የተሻለ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ይሄን ነው፦ ሰዎች የመኪና ሞተር ነቅለው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሲያስሩ አንዳንዱ ለምን ይሳካለታል? አንዳንዱስ ለምን ሜዳ ላይ ይቀራል?

እስካሁን የገባኝ፣ ሞተሩ ራሱ ትንሹ ጉዳይ መሆኑ ነው። ጣጣው ያለው ሞተሩን ከፕሮፔለሩ፣ ከነዳጁና ከአየሩ ጋር በማስማማቱ ላይ ነው። የጅማ አየር ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው።

መጀመሪያ ሰው ለምን ይሄን ያስባል? ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ ሞተር ውድ ነው፤ ሲያዩትም ያረጀ ይመስላል። ሴስና 150 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ያለውን ኮንቲኔንታል ኦ-200 ሞተር ውሰዱ። 3.3 ሊትር ሆኖ የሚሰጠው 100 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እሱም በደቂቃ 2,750 ዙር ላይ። ዛሬ በዚህ መጠን ያለ የመኪና ሞተር ከዚያ እጥፍ በላይ ይሰጣል። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ሲያይ እጁ መብላቱ አይቀርም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው በርናርድ ፒተንፖል ገና በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በፎርድ ሞዴል ኤ ሞተር የሚበር አውሮፕላን ሠርቷል። በኋላ ደግሞ የሸቭሮሌ ኮርቬይርን ሞተር ሞከረ። ቮልስንማ አውሮፓም አሜሪካም ለትንንሽ አውሮፕላኖች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የጀርመኑ ሊምባኽ ከእሱ ተነስቶ ፈቃድ ያላቸው የአውሮፕላን ሞተሮች አምርቷል። የእኛው አስመላሽ ዘፈሩም በቤቱ የሠራው አውሮፕላን ላይ የገጠመው የቮልስ ሞተር ነው።

ታዲያ የአውሮፕላኑ ሞተር ለምን ሰነፍ መሰለ? መልሱ ፕሮፔለሩ ጫፍ ላይ ነው። 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው ፕሮፔለር በ2,700 ዙር ሲሽከረከር ጫፉ በሰከንድ 254 ሜትር ይጓዛል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። ያንኑ ፕሮፔለር በ5,800 ዙር ብታዞሩት ጫፉ 547 ሜትር ይደርሳል። ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ጉልበቱም ወደ መጎተት ሳይሆን ወደ ጩኸትና ሙቀት ይሄዳል። ስለዚህ ኦ-200 ሰነፍ አይደለም። ፕሮፔለሩ በሚፈልገው ፍጥነት ነው የሚሠራው።

የመኪና ሞተር ያለው ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው እንደ እኔ ፕሮፔለሩን በቀጥታ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ማሰር ነው። የእኔ ፕሮፔለር 1.35 ሜትር ነው። በ3,200 ዙር ጫፉ 226 ሜትር በሰከንድ ስለሆነ ችግር የለውም። ግን ይሄ ሞተር 50 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በ4,000 ዙር ላይ ነው። በ3,200 ያንን አላገኝም። ሁለተኛው ምርጫ ፍጥነት የሚቀንስ ማርሽ ወይም ቺንጋ መሃል ማስገባት ነው። ሮታክስ 912 የሚባለው የትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተር የሚሠራው እንዲህ ነው። 1.2 ሊትር ብቻ ሆኖ በ5,800 ዙር 80 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ማርሹ ደግሞ ዙሩን በ2.27 ያካፍለዋል።

«እሺ፣ ማርሽ እናስገባለት» ማለት ቀላል ነው። እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን ቀብሯል፤ እኔም ካነበብኩት ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ ይሄ ነው።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል። እኩል የሚገፋ ይመስለናል እንጂ እየመታ ነው የሚገፋው። በሌላኛው ጫፍ ያለው ፕሮፔለር ከባድና ረጅም ነው፤ ፍጥነቱን መቀየር አይወድም። መሃል ላይ ያለው ብረት ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን በየመመለሻው በትንሹ ብትገፉት ከፍ እያለ እንደሚሄደው፣ የሞተሩ ምት ከብረቱ የተፈጥሮ መወዛወዝ ጋር ከገጠመ መጠማዘዙ እያደገ ይሄዳል። በዚያ ዙር ላይ ጥቂት ከቆየ ማርሹ ጥርሱን ያራግፋል ወይም ዘንጉ ይበጠሳል። መኪና ላይ ይሄ ብዙም የማይታየው ፍላይዊሉ፣ የፍሪሲዮኑ ስፕሪንጎችና ጎማው ምቱን ስለሚውጡት ነው።

ወፍጮ ቤት የሄዳችሁ በናፍጣ ሞተሩና በድንጋዩ መሃል ያለውን ረጅም ቺንጋ አይታችኋል። ጉልበት ብቻ አይደለም የሚያስተላልፈው፤ ምቱንም ያለዝባል። የመኪና ሞተር የሚገጥሙ ብዙ ሰዎች ጥርስ ያለው ቺንጋ የሚመርጡት በከፊል ለዚህ ነው። ሮታክስ በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ በስፕሪንግ የተያዘ ምት መዋጫ አለው።

የዚህን ዋጋ በደንብ ያሳየኝ የጀርመኑ ቲየለርት ታሪክ ነው። የመርሴዲስ ኤ-ክላስን የናፍጣ ሞተር ወስደው፣ 135 የፈረስ ጉልበት ያለው ሴንቱሪዮን 1.7 አደረጉት። ሴስና 172 ላይ እንዲገጠምም ሕጋዊ ፈቃድ አገኙ። በሀሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ የለም። ግን የማርሽ ሳጥኑ በየ300 የበረራ ሰዓቱ መውረድ ነበረበት። ርካሽ ነዳጅ እየተጠቀመ ያተረፈው ባለቤት ትርፉን ማርሹ በላው። ኩባንያው በ2008 እ.ኤ.አ. ከሰረ፤ ሞተሩ በኋላ ኮንቲኔንታል ስም ውስጥ ገብቶ ተሻሽሎ ቀጥሏል። የኦስትሪያው ኤኢ300ም ከመርሴዲስ የናፍጣ ሞተር የወጣ ነው። 168 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በማርሹና በሞተሩ መሃል መጠማዘዝን የሚውጥ ክፍል ተጨምሮበታል።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። ከተማችን ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በአቪዬሽን ሒሳብ በዚህ ከፍታ «መደበኛ» የሚባለው ሙቀት 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀን 27 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይበልጥ ይሳሳና ሞተሩ 2,500 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሆንበታል። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር እዚያ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። 100 የተባለው ወደ 75 ይወርዳል። ክንፉና ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። ባህር ዳርቻ ላይ የተሳካለትን ሰው ልኬት ወስዶ እዚህ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

እኔ ይሄን በሚዛን አይቼዋለሁ። ማቆሚያው በትንንሽ ጎማዎች ላይ ነው። ከኋላው የቡና ጆንያ የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ታስሯል። ሞተሩ ሲጎትት ሚዛኑ ኪሎውን ያሳያል። ጠዋት በብርድና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በሙሉ ጉልበት ሳሠራው የዙር መለኪያው እምብዛም አይለያይም። ሚዛኑ ግን ከሰዓት በኋላ ጥቂት ኪሎ ይቀንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሳሳ አየር የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ ፕሮፔለሩንም ለማዞር ቀላል ያደርገዋል። ሁለቱ ተቻችለው ዙሩ እንዳለ ይቆያል፤ የሚጎድለው መጎተቱ ነው። «ዙሩ ሞልቷል፣ ደህና ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሚዛን ስጡት።

ሌላው የጅማ ጉዳይ እርጥበቱ ነው። በክረምት ጠዋት ሞተሩን በመካከለኛ ጉልበት ሳሠራው ቀስ በቀስ ዙሩ ይወርዳል፤ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ቱቦ ላይም ነጭ በረዶ ይታያል። አዎ፣ ጅማ ላይ በረዶ! ቤንዚኑ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ውስጡ ከውጭው አየር 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እርጥበቱ እዚያው ይረጋል። ቮልስ መኪና ላይ ሳለ ከጭስ ማውጫው ሙቀት የሚያመጣ ቱቦ አለው። የእኔ ሞተር ሲሸጥልኝ ያ ቱቦ ተቆርጦ ነበር፤ ሻጩ «አያስፈልግም» ብሎኛል። ያስፈልጋል። አሁን ከማርሚታው ላይ ሞቃት አየር የሚስብ በላሜራ የተሠራ መክፈቻ ገጥሜለታለሁ። ሲከፈት ሞተሩ መጀመሪያ ይንገራገጫል፤ በረዶው እየቀለጠ ውሃ ሲውጥ ነው። ከዚያ ይስተካከላል።

ፕሮፔለሩን የጠረቡልኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲሠሩ የኖሩ። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ሳንቃዎቹን አጣብቀን እንጥረብ ስላቸው አልዋጠላቸውም።

«በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ሙጫ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው እርጥበት ሲነካው ከተጣመመ አለቀልን» አልኳቸው።

ምክንያቱን አስረዳኋቸው። ሳንቃዎቹ አንዱ የሌላውን መጣመም ይይዛሉ፤ አንዱ ላይ ያለ ስንጥቅም እስከ ሌላኛው አይሻገርም። ከዚያ በኋላማ ከእኔ ብሰው ሳንቃ መራጭ ሆኑ። ጉጥ ያለበትን አንዱን «ይሄ ለበርጩማ እግርም አይሆን» ብለው ወረወሩት። ቅርጹን በካርቶን መለኪያ እየተከተልን አወጣነው። የሁለቱን ክንዶቹን ክብደት ደግሞ መሃሉ ላይ ዘንግ አስገብተን፣ በሁለት ስለት ላይ አንጠልጥለን አስተካከልነው። አደራ፣ እናንተም ከሞከራችሁ ማንም ሰው ፕሮፔለሩ በሚሽከረከርበት ክብ ትይዩ፣ በጎኑ በኩል እንዳይቆም። ከተሰበረ የሚሄደው በዚያ አቅጣጫ ነው። እኛ በወፍራም የብረት ወንፊት አጥረነዋል፤ የሰፈር ልጆችም ከአጥሩ ወዲያ ናቸው።

ክብደት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሒሳቡ ግን ይታያችሁ። ከ500 ኪሎ አውሮፕላን አፍንጫ ላይ፣ ከሚዛን ነጥቡ (የአውሮፕላኑ ክብደት ከሚመጣጠንበት ቦታ) 1 ሜትር ርቆ ያለ ሞተር ነቅላችሁ 30 ኪሎ የሚቀል ብትገጥሙ ነጥቡ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለትንሽ አውሮፕላን ይሄ ብዙ ነው። ቀላል ሞተር የተገጠመላቸው አሮጌ አውሮፕላኖች አፍንጫቸው የሚረዝመው ለውበት አይደለም።

ኤሌክትሪኩን ግን ላልፈው አልችልም። ባህላዊው የአውሮፕላን ሞተር ሁለት ማግኔቶ (የካንዴላውን ብልጭታ ራሱ የሚያመነጭ) አለው፤ በየሲሊንደሩ ሁለት ካንዴላ፤ ባትሪ ቢሞትም ይሠራል። የመኪና ሞተር፣ በተለይ በኮምፒውተር የሚመራው፣ መብራት ከሌለ አይሠራም። በ2007 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሽፓየር ላይ አንድ ባለ ሁለት ሞተር ዲያመንድ ዲኤ42 ባትሪው ደክሞ ስለነበር ከውጭ መብራት ተሰጥቶት ተነሳ። ከመሬት እንደለቀቀ ጎማውን ሲያጥፍ ቮልቴጁ ለአፍታ ወረደ፤ የሁለቱም ሞተሮች ኮምፒውተር ጠፍቶ እንደገና ተነሳ፤ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ። ሁለት ሞተር መኖሩ አላዳነውም፤ ሁለቱም የሚመገቡት ከአንድ ምንጭ ነበርና። ሞተር ልትቀይሩ ካሰባችሁ ከጉልበቱ በፊት ሁለተኛውን ባትሪ አስቡ።

ነዳጁስ? ቤንዚን ከአውሮፕላን ቤንዚን ይበልጥ ይተናል። ከፍታና ሙቀት ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ፓምፑን ባዶ ያስውጠዋል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ውሃ ይስባል፤ የድሮ የጎማ ቱቦዎችንም ይበላል። መኖሩን ለማወቅ መስመር ባለው ብርጭቆ ትንሽ ውሃ አድርጉና ቤንዚን ጨምሩበት፤ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። ከታች ያለው ውሃ የጨመረ ከመሰለ ኤታኖሉ ወደ ውሃው ገብቷል ማለት ነው። ሳንቲም የማያስወጣ ምርመራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ ለእኛ ሀገር የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ተርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር እላለሁ። ጄት ኤ-1 ይጠጣል፤ እሱ ደግሞ የመንገደኛ አውሮፕላን በሚያርፍበት ሁሉ የተለመደ ነዳጅ ነው። ከፍታውንም ተርቦው ይችለዋል። በቤንዚን ከሆነ ሮታክስ 915አይኤስ 141 የፈረስ ጉልበቱን እስከ 4,500 ሜትር ገደማ ይዞ ይወጣል፤ ዋጋውን ግን አትጠይቁኝ። ቮልሱ ለመማሪያ ነው። ጅማ ላይ ሁለት ሰው ይዞ ይነሳል ብዬ አላስብም። ብቻውን ለተቀመጠ ቀጭን ሰው፣ በጠዋት፣ ምናልባት።

ቀጣዩ ሥራ የቴስታታውን ሙቀት መለካት ነው። መኪና ላይ ሳለ ይሄ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ለረጅም ጊዜ ሲያወጣ አልኖረም፤ ፕሮፔለር ይዞ ግን ሁሌም ሙሉ ሥራ ላይ ነው። በአራቱም ካንዴላዎች ሥር የሙቀት መለኪያ ማስገባት እፈልጋለሁ። ከኋላ ያሉት ሲሊንደሮች ከፊቶቹ ይልቅ ይግላሉ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ አየሩን የሚያከፋፍለውን ላሜራ ከዚያ በኋላ ነው የምቆርጠው። ለካንዴላ ቀለበት የሚሆን የሙቀት መለኪያ ገመድ አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ሰባተኛ አካባቢ ፈልጌ አጥቻለሁ።