ዱላው ሳይወድቅ ተሰረዝን
ሱሉልታ ያደገ ልጅ ሯጭ እሆናለሁ ሲል አሥር ሺህ ሜትር ማለቱ ነው። እኔ አራት በመቶ ሜትር የዱላ ቅብብል እንደምሮጥ ስነግራት እናቴ፣ «አንድ ዙር ለአራት ተካፍላችሁ?» ብላ ሳቀችብኝ።

የአጭር ርቀት ሯጭ መሆን ለምታስቡ፣ ብዙ አሰልጣኞች የማይወዱትን ምክር ላስቀድም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከማራቶን ሯጮች ጋር ጫካ አትግቡ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ዳገት ወጣሁ፤ ትንፋሼ በረታ፣ እግሬ ፈዘዘ። ከሰዓት በኋላ ሰውነት ሲሞቅ ሥሩ። ከፍታውንም አትፍሩት። 2,240 ሜትር ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1968ቱ ኦሊምፒክ፣ እኛ የማሞ ወልዴን ማራቶን ስናነሳ የአሜሪካ ወንዶች ዱላ ቅብብሉን በ38.24 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን አድርገውታል። ሳስቶ የሚገኝ አየር ለአጭር ርቀት ወዳጅ ነው።

ክለብ መግባት፣ የጤና ምርመራ፣ መታወቂያ፦ ጉርድ ፎቶግራፍና ትዕግሥት ካላችሁ ያልቃል።

የሚያንገበግበኝ 2010 ዓ.ም. ነው። የቅብብሉ ፍጻሜ ውድድር ላይ አራተኛዋ ሯጭ እኔ ነበርኩ። በጫማዬ 25 እግር ወደ ኋላ ለክቼ መሙ ላይ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ሦስተኛዋ እሱን ስትረግጥ መነሳት ነበረብኝ። የጎረቤቴን መም አየሁና ዘገየሁ። ጓደኛዬ ደረሰችብኝ፤ «እጅ!» ብላ ስትጮህ ገና ጥቂት እርምጃ ሄጄ ነበር። ቢሆንም አንደኛ ገባን። ዞር ስል የጥፋት ምልክቱ ቢጫ ባንዲራ ተነሥቷል።

«ከክልሉ ውጪ ተቀብለሻል» አሉኝ ዳኛው። ድሮ የቅብብል ክልሉ፣ ማለትም ዱላው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት የመሙ ክፍል፣ 20 ሜትር ነበር፤ ከእሱ በፊት ያለው 10 ሜትር መንደርደሪያ ብቻ ስለነበር እዚያ መቀበል ያሰርዝ ነበር። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ግን ሁለቱ ተዋህደው ክልሉ 30 ሜትር ሆኗል።

«ጋሼ፣ ደንቡ እኮ ተቀይሯል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እዚህ መስመር ላይ ስንት ዓመት የቆምኩ ይመስልሻል?»

መቆሙንስ ቆመዋል። ማንበቡ ነው የቀረው።

የባሰው የእኛ ነው። ውጤት በይፋ ከተነገረ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለዋና ዳኛው ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል፤ ያውም በቃል። ማናችንም አላወቅንም። እኛ ተቃቅፈን ስናለቅስ አሰልጣኛችን ደብዳቤ አስጽፎ ማኅተም ሊያስመታ ወደ ክለቡ በታክሲ በረረ። ሲመለስ ሜዳው ላይ ሌላ ውድድር ተጀምሯል።

ስለዚህ ደንቡን ለአሰልጣኝ አትተዉት፤ የቅብብሉን ገጽ አትማችሁ ከስፓይክ ጫማችሁ ጋር ያዙ። ዳኛውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ግን በሰዓቱ ተነሥቼ ቢሆን ዱላውን የምቀበለው ከክልሉ መሐል አልፌ ነበር፤ አሮጌውም አዲሱም ደንብ አይነካኝም ነበር።

በዓመቱ እንደዚያ ተቀብዬ ወርቅ ወሰድን። ሜዳሊያው እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ደብዳቤው እኔ ጋ ነው፦ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። ሰዓት ብቻ የለውም።