ሼል ጃምፕ በአር ዋን

ሰሞኑን ሼል ጃምፕ የሚባለው የሱፐር ማሪዮ ዝላይ እጄ ገባ። በዕድል አንዳንዴ የሚወጣው ሳይሆን ስፈልገው የሚወጣው። ካይዞ ነክቶ የማያውቅ ሰው «እና ምን ይጠበስ?» ሊለኝ ይችላል። የነካ ግን ለምን ጮቤ እንደረገጥኩ ይገባዋል። በቅርቡ እዚህ አዳማ «ከየት ልጀምር?» የሚሉኝ ልጆች እየበዙ ስለሆነ የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ።

ካይዞ የሚባሉት አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ወርልድን እየፈቱና እየገጣጠሙ የሠሯቸው፣ ክፉኛ የከበዱ ሌቭሎች ናቸው። ነገሩን ያስጀመረው ቲ. ታኬሞቶ የሚባል ጃፓናዊ በ2007 ገደማ ጓደኛውን ለማጫወት የሠራው ጨዋታ ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ተንኮላቸው ይበዛል። ልትዘል ስትል የማይታይ ብሎክ አናትህን መትቶ ገደል ይከትሃል። ጨረስኩ ብለህ ማሪዮ በራሱ እየተራመደ ሲወጣ እንኳ የሚገድልህ ወጥመድ አለ። የአሁኖቹ አብዛኞቹ እንደዚያ አይደሉም፤ የት እንደምትዘል በሳንቲም ይጠቁሙሃል። መንገዱን ማወቅህ ግን አያሻግርህም።

ሰዉ ለምን ወደዚህ ጨዋታ እንደጎረፈ ሲጠየቅ «መሰቃየት የሚወድ ስለበዛ ነው» ይባላል። እኔ አይዋጥልኝም። በ2015 ሱፐር ማሪዮ ሜከር ወጥቶ ሌቭል መሥራት ለማንም ሰው ቀለለ፤ ይሄ አንዱ ነው። ለእኔ ዋናው ግን ሞት መርከሱ ነው። በድሮው ጨዋታ ስትሞት ሙዚቃው ይቆማል፣ ማሪዮ ይወድቃል፣ ካርታው ላይ ትመለሳለህ፣ እንደገና ትገባለህ። አሁን ሠሪዎቹ በሚጨምሩት ፓች (ጨዋታውን የሚቀይር ትንሽ ፋይል) ዓይንህን ሳትጨፍን ያው ቦታ ላይ ቆመሃል። መቶ ጊዜ ብትሞትም ለመናደድ ጊዜ አታገኝም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እዘላቸዋለሁ። በኪቦርድ ጀመርኩ፣ ጣቴ አለቀ፣ ጆይስቲክ ገዛሁ። ፍራንኮ አካባቢ ያለ አንድ ጌም ቤት ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ ለልጆቹ ላሳይ ስል ባለቤቱ ትንሽ አይቶኝ «ወንድሜ፣ ይሄ በጌም ነው በሰዓት የሚታሰበው?» አለኝ። እውነቱን ነው። በጌም ቢያስከፍለኝ ኖሮ ላፕቶፑን አስይዤ ነበር የምወጣው።

ወደ ሼል ጃምፕ። የኤሊዋን ሼል ይዘህ ከፊትህ ወዳለው ረጅም ግድግዳ ትሮጣለህ፣ ትዘላለህ፣ አየር ላይ እያለህ ሼሉን ትለቀዋለህ። ሼሉ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ እግርህ ላዩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ተነስተህ በአንድ ዝላይ የማይደረስበትን ግድግዳ ታልፋለህ። ቀድመህ ከለቀቅክ ሼሉ ከሥርህ ሾልኮ ያልፋል ወይ ይመታሃል። ከዘገየህ ደግሞ አንተ ቀድመህ ወርደህ የምትረግጠው ነገር የለም። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሄደው፤ ልዩነቱ ጥቂት ፍሬም ነው።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለዚህ ሰዓት አጠባበቅ ነው። እኔን ለረጅም ጊዜ ያሰረኝ ግን ዓይኔም ሰዓቴም አልነበረም፤ አውራ ጣቴ ነው። የእኛ የፕሌይስቴሽን ዓይነት ጆይስቲክ ላይ ካሬዋ ሩጫም መያዣም ናት፣ ኤክሷ ዝላይ ናት። በአንድ አውራ ጣት ጫፉን ካሬዋ ላይ፣ የታችኛውን መጋጠሚያ ኤክሷ ላይ አድርገህ ሁለቱንም ትጫናለህ። ሼሉን ለመልቀቅ ጫፉን ብቻ ታነሳለህ፤ ከሥር ያለው ኤክሷን እንደያዘ መቆየት አለበት። ኤክሷን ከለቀቅካት ሼሉን ብትረግጠውም ትንሽ ዝላይ ብቻ ነው የምታገኘው። የእኔ ጣት ሁለቱን መለየት እምቢ አለ። ጫፉ ሲነሳ ሥሩም አብሮ ይነሳል።

ቪዲዮዎቹ «ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰህ ተለማመድ» ይላሉ። አትስሟቸው። ዝግ ሲል ሁሉም ይሠራል፣ ወደ ሙሉ ፍጥነት ስትመለስ እጅህ የተማረው የሌላ ጨዋታ ምት ነው። እኔን የጠቀመኝ ከዝላዩ አንድ እርምጃ በፊት ሴቭ ስቴት አድርጎ (ጨዋታውን እዚያው ነጥብ ላይ አስቀምጦ)፣ በሙሉ ፍጥነት ያንኑ ደጋግሞ መሥራት ነው። ሼሉ ግድግዳውን ሲመታ የሚሰማውን ድምፅም ያዙት፤ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይቀድማል።

ያም ሆኖ የፈታው እሱ አይደለም። አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስጫወት ኢሙሌተሩ (የድሮውን ጨዋታ ላፕቶፕ ላይ የሚያጫውተው ፕሮግራም) ላይ መያዣውን ወደ አር ዋን፣ ሌባ ጣት ወደሚጫናት የላይኛዋ ቁልፍ፣ አዛወርኩት። ወዲያው ወጣ! በፔስ፣ በኳሱ ጌም፣ ያደገ እጅ ሩጫን የሚያውቀው አር ዋን ላይ ነው፤ ሌባ ጣቴ ሲለቅ አውራ ጣቴ ከቦታው አይነቃነቅም። ይሄን የሚንቁ ተጫዋቾች አሉ፣ «በትክክለኛው አያያዝ ካልሠራኸው አልሠራኸውም» የሚሉ። ስለዚህ በእነሱ ሂሳብ እስካሁን ሼል ጃምፕ አልችልም። በድሮው አያያዝ ሞክር ብትሉኝ ዛሬም ይከሽፍብኛል።

ሌላው ቴሌቪዥን ነው። ላፕቶፑን ቲቪ ላይ ከሰካችሁ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩት፣ አለዚያ ምስሉ ከእጃችሁ ወደኋላ ይቀራል። ብሉቱዝ ጆይስቲክም ለዚህ አይሆንም፣ ገመድ ያለውን ግዙ። ሬትሮአርች የሚባለው የኢሙሌተር ፕሮግራም ላይ ራን አሄድ የሚባል መዘግየት የሚቀንስ ነገር አለ፤ ግሩም ነው፣ ግን ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃል። በአዳማ ሙቀት ላይ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ምጣድ ሆኖብኝ አጥፍቼዋለሁ።

ሴቭ ስቴት ማጭበርበር ነው ወይ የሚለው ክርክር ሰልችቶኛል። ለልምምድ ተጠቀሙበት፣ ያውም ከመጨረሻው ክፍል ጀምራችሁ ወደኋላ፤ መጀመሪያውንማ በመሞት ብዛት መማራችሁ አይቀርም። «ጨረስኩ» ለማለት ግን ያለሱ መጨረስ አለባችሁ። በማሪዮ ሜከር ሌቭል የሚጭን ሰው ራሱ ቀድሞ መጨረስ አለበት፤ ደንቡ የሚጣፍጠኝም ለዚህ ነው። በ2017 የተጫነው ትሪሚንግ ዘ ሄርብስ የሚባል ሌቭል ማንም ሳይጨርሰው ዓመታት ቆይቶ፣ በ2024 ሠሪው በሰው እጅ ሳይሆን በመሣሪያ እንዳለፈው አመነ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ውስጥ፣ ሌቭሉ የሚገኝበት የኒንቴንዶ ኮንሶል የዊ ዩ ሰርቨር ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ተጫዋች በእጁ ጨረሰው። እኔ ሠሪውን አልማረውም። የሚሠራውን ሌቭል ራሱ የማይጨርስ ሰው ቢያንስ ቀድሞ ይናገር።

ለጀማሪዎች፣ ሌቭሎቹ የሚሰራጩት ፓች ሆነው ነው፤ ጨዋታው የኒንቴንዶ ስለሆነ ዋናው ፋይል ውስጡ የለም። ፓቹ ትንሽ ነው፣ ዳታ አይበላም። ለጀማሪ የተባለውን ምረጡ፤ ከከባዱ ጀምሮ «ጠንካራ ነኝ» የሚል ልጅ ብዙ ሲቆይ አላየሁም።

አሁን ያለሁት ድርብ ሼል ጃምፕ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ሼል በአር ዋንም እምቢ ብሎኛል። የምትችሉ ካላችሁ የመጀመሪያውን ከረገጣችሁ በኋላ ጣታችሁ የት እንደሚሆን ጻፉልኝ፤ ቪዲዮ አትላኩ፣ ጣት አይታይበትም።