እሑዴን የመለሰልኝ ጌታ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ነገሩ ከራግቢ ጋር ስለሚገናኝ ትንሽ ታገሡኝ።

የምኖረው ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። የከበደኝ ሺፍቱ ነበር። ስቀጠር “እሑድ አልፎ አልፎ ነው” ተባልኩ። እያደር ግን እሑድ የእኔ ድርሻ ሆኖ ቀረ። የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚለጠፈውን የሺፍት ወረቀት ባየሁ ቁጥር፣ ስሜ ፊት ለፊት እሑድ ላይ ያቺ ሰማያዊ ምልክት አለች።

እዚህ ያለን የሐበሻ ኅብረት ትንሽ ነው። አዳራሽ ተከራይተን የምንሰበሰበው እሑድ ብቻ ነው። እሱ ካመለጠ ሳምንቱ እንዲሁ ይሄዳል። ልጆቼ ከአባታቸው ጋር ወደ አምልኮ ሲሄዱ እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ “እማዬ፣ አንቺ ለምንድነው ጌታ ቤት የማትመጪው?” አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ጥያቄዋ አንጀቴን በላው።

አለቃዬን ለመንኳት። “የእሑድ ሰው የለኝም፤ ካልተመቸሽ ሌላ ቦታ ሞክሪ” አለችኝ። ያኔ ባለቤቴ ሥራ አልነበረውም። የቤት ኪራይ ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ጾም ጸሎት ያዝኩ። “ጌታ ሆይ፣ እሑዴን ስጠኝ፤ እኔም አከብርሃለሁ” እያልኩ ብዙ ለመንኩ። ምንም አልተለወጠም።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሳሞአዊት እናት አለች፤ ሳሞአ የፓስፊክ ደሴት አገር ናት። ሳሞአውያን እሑድን አጥብቀው የሚያከብሩ ሕዝብ ናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሳያቸው የአገሬ ነጠላ ትዝ ይለኛል። እኚህ እናት አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስናጥፍ እንባዬ ሲወርድ አዩ። “ምን ሆነሽ ነው ልጄ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። አንሶላውን ጫፍ ለጫፍ እያገናኙ “ማይክል ጆንስን ታውቂዋለሽ?” ሲሉ ጠየቁኝ። አላውቀውም። ራግቢ ማለት ለእኔ ሰው ከሰው የሚላተምበት ጨዋታ ነበር፤ በቃ።

ሰውየው እናቱ ሳሞአዊት፣ እሱ የኦክላንድ ልጅ ነው። በኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን፣ በኦል ብላክስ፣ ፍላንከር ሆኖ ተጫውቷል። ፍላንከር ማለት ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ አሳድዶ የሚጥል፣ ሜዳውን ሙሉ የሚሮጥ ተጫዋች ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የራግቢ ዓለም ዋንጫ ሲጀመር፣ በውድድሩ ታሪክ ትራይ ያስቆጠረ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ትራይ የሚባለው ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ነው። በፍጻሜውም ፈረንሳይን 29 ለ 9 ሲያሸንፉ አስቆጥሯል። ያ ጨዋታ ቅዳሜ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ግማሽ ፍጻሜ ግን እሑድ ስለዋለ አልተጫወተም። እሑድ የጌታ ቀን ነው፣ አልጫወትም አለ። አበቃ።

በ1989 ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። የተጫዋችነት ዘመኑ ያበቃ መስሎ ነበር፤ ግን ተመለሰ። በ1991 የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ላይ እንግሊዝን ሲያሸንፉ የቡድኑን ትራይ ያስቆጠረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በደብሊን ከአውስትራሊያ ጋር የሚደረገው ግማሽ ፍጻሜ እሑድ ዋለ። አልተሰለፈም። ቡድኑም 16 ለ 6 ተሸነፈ።

እኔን የያዘኝ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ምስክርነት ሰምቻለሁ፤ ጌታን አከበረ፣ ጌታም ዋንጫ ሰጠው የሚል። እዚህ ግን ሰውየው ጌታን አከበረ፣ ቡድኑ ግን ተሸነፈ። አገር ሙሉ እንደ ሃይማኖት በሚወደው ጨዋታ! በ1995ም ሩብ ፍጻሜውና ግማሽ ፍጻሜው እሑድ ሊውል ስለሚችል ከዓለም ዋንጫው ቡድን ውጭ ሆነ። እሱ ግን ሐሳቡን አልቀየረም። በዚያው ዓመት እሱ የሚጫወተው የራግቢ ዓይነት፣ ራግቢ ዩኒየን፣ ተጫዋቾች በደመወዝ የሚጫወቱበት ስፖርት ሆነ፤ እሱም እስከ 1998 በኦል ብላክስ ቆየ። 55 ቴስት፣ ማለትም ከሌሎች አገሮች ብሔራዊ ቡድኖች ጋር የሚደረግ ጨዋታ፣ ተጫውቷል። በክለቡ በኦክላንድ ብሉስም በ1996 እና በ1997 ሱፐር 12 የተባለውን የኒውዚላንድ፣ የአውስትራሊያና የደቡብ አፍሪካ ቡድኖች ውድድር አሸንፏል። ዛሬ ሰር ማይክል ጆንስ ይባላል።

ያን ሌሊት ጸሎቴ ተለወጠ። “ስጠኝና አከብርሃለሁ” ማለት ተውኩ። “ጌታ ሆይ፣ ሥራው ቢቀርም ባይቀርም እሑድ ያንተ ነው” አልኩ። ይህን ስል ፍርሃቱ ከላዬ ተነሣ። እውነቴን ነው። ለባለቤቴ ስነግረው “እንጀራችንን የሚሰጠን እሱ ነው፤ ሂጂ ንገሪያት” አለኝ። ለአለቃዬ በጽሑፍ አስገባሁ፤ ቅዳሜን ሁሉ፣ የበዓል ቀንንም፣ የሌሊት ሺፍትንም እሠራለሁ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን እሑድ አልገባም። አንብባ ዝም አለች። “እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ካላገኘሁ አብረን አንቀጥልም” አለችኝ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አዲስ ሠራተኛ ለቃለ መጠይቅ መጣች። ከቶንጋ፣ ከሌላዋ የፓስፊክ ደሴት አገር ነች። አድቬንቲስት ነች! ቅዳሜ ሰንበቷ ስለሆነ አልሠራም፣ እሑድን ግን በሙሉ ስጡኝ ብላ ነው የመጣችው። በስንት ቦታ በዚሁ ምክንያት ሳይቀጥሯት ቀርተዋል። እኔ ስለ እሑድ ስጸልይ እሷ ስለ ቅዳሜ ትጸልይ ነበር። አለቃዬ ሁለታችንን ጠርታ “እናንተ ተነጋግራችሁ ነው እንዴ?” አለች። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። ሳሞአዊቷ እናት ሲሰሙ እልልታ በሚመስል ድምፅ ጮኹ፤ አንዷ ታካሚያችን ከእንቅልፏ ነቃች።

አሁን እሑድ ከልጆቼ ጋር አመልካለሁ። ክብር ሁሉ ለስሙ ይሁን። ባለቤቴም ሥራ አግኝቷል። የቀረኝ የውል እድሳት ነው፤ እሑድ የማልገባ መሆኔ በውሉ ላይ እንዲሰፍር ጠይቄአለሁ። የቶንጋዋ እህቴም ቅዳሜዋን እንዲሁ ጠይቃለች። ለሁለታችንም ጸልዩልን።